ሁለት ኮከብ ማወቅ

ሰው ደክሞ ያገኘውንና ሳይደክም የተሰጠውን በአንድ ዓይን አያይም። ቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ ከሌላ ሰምቶ የያዘውን ቅኔና ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ የነገረውን በአንድ ሚዛን አይመዝንም። ተራራ በእግሩ የወጣ ሰው በመኪና ተጭኖ ከጫፉ የደረሰውን ባልንጀራውን በሆዱ ይንቀዋል፤ ሁለቱም ቆመው የሚያዩት ሸለቆ ግን አንድ ነው። ይህ ስሜት ከሰው ጋር አብሮ የኖረ ነው። አብሮ መኖሩ ብቻውን ግን ትክክል አያደርገውም። ለመሆኑ ያልደከምንበት ነገር የእኛ አይደለም ማለት ነውን? ሌላው እጃችንን ይዞ ያደረሰን ቦታ እንደ ደረስንበት አይቆጠርምን? ወይስ ነገሩ ከመድከምና ካለመድከም ሌላ መለኪያ አለው?

ይህን አሮጌ ጥያቄ እንደገና ለማንሳት ምክንያት የሚሆነን አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ዕቃው በኮምፒዩተር የሚሠራ ቴሌስኮፕ የእጅ መቆጣጠሪያ ነው። ከቴሌቪዥን ሪሞት ወፈር ይላል፤ በተጠቀለለ ገመድ ከቴሌስኮፑ ጋር ይያያዛል፤ ፊቱ ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ የምታሳይ ጠባብ መስኮት፣ ከሥሯም የአቅጣጫና የቁጥር ቁልፎች አሉት። በጨለማ የሚያበራው በደብዛዛ ቀይ ብርሃን ነው፤ ጨለማ የለመደን ዓይን ከሌላው ብርሃን ይልቅ ቀዩ እምብዛም አይረብሸውምና። ባለቤቱ ከመስኮቷ ላይ «ሳተርን» የሚለውን መርጦ ቁልፉን ይጫናል። ሁለት ሞተሮች ያጉረመርማሉ፤ አንዱ ቴሌስኮፑን ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ያዞረዋል። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ጸጥ ይላል። በዚህ ጊዜ ዓይኑን ወደ ሌንሱ ያስጠጋ ሰው ቀለበት የታጠቀችውን ፕላኔት ያያል።

የሞተሮቹ ሥራ በዚህ አያበቃም። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ በጠንካራ አጉሊ ሌንስ የሚታይ ኮከብ ካልተከተሉት በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከዕይታ ይሸሻል። መሣሪያው ግን ለዓይን በማይታወቅ ዝግታ እየዞረ የመሬትን ዙረት ያካክሳል። ተመልካቹ ሻይ ጠጥቶ ቢመለስ ሳተርንን እተወበት ቦታ ያገኛታል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ለአማተር ተመልካቾች መሸጥ የጀመረው በአሜሪካ ነው። ሴለስትሮን የተባለው ኩባንያ «ኮምፒዩስታር» የተሰኘውን እ.ኤ.አ. በ1987፣ ሚድ የተባለው ደግሞ «ኤል ኤክስ 200» የተሰኘውን እ.ኤ.አ. በ1992 አወጡ። ኤል ኤክስ 200 ነገሩን በየቤቱ ጓሮ አደረሰው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ ሰው በክንዱ ታቅፎ የሚይዛቸው ትንንሽ ቴሌስኮፖችም የእጅ መቆጣጠሪያ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የወጡት አንዳንዶቹ ከ40 ሺህ በላይ የሰማይ አካላትን አድራሻ በማኅደራቸው ይዘዋል። ምን እንደሚያይ ላልወሰነ ሰው ደግሞ «ጉብኝት» የሚል ቁልፍ አላቸው፤ በዚያች ሌሊት ከዚያ ቦታ የሚታየውን መልካም መልካሙን እየመረጡ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘውት ይዞራሉ።

ከዚህ በፊት የነበረው መንገድ ሌላ ነበር። የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ማየት የፈለገ ሰው የሰማይ ካርታውን በቀይ ባትሪ እያበራ፣ ፔጋሰስ ከተባለው የኮከቦች አራት ማዕዘን ጥግ ይነሳል፤ ሚራክ እስከሚባለው ኮከብ ይሄዳል፤ እዚያ ታጥፎ ሁለት ደብዛዛ ኮከቦች ይቆጥራል፤ ከሁለተኛው አጠገብ ጭጋግ የመሰለች ነገር ይፈልጋል። ይህ አካሄድ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ውረድ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ታጠፍ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ነው» እያልን የምንጠቋቆመው በዚሁ ዘዴ ነው። ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚዘል ሰው ሰማይን እንደ ሰፈር ያውቃል ማለት ነው።

ስለዚህም በተመልካቾቹ መካከል ክርክር ተነሳ። የአሜሪካ አማተር ማኅበራት ኅብረት የሆነው አስትሮኖሚካል ሊግ፣ ሜሲየ በተባለው ዝርዝር ውስጥ ያሉትን የሰማይ አካላት አይቶ ለመዘገበ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ለዚህኛው የምስክር ወረቀት ግን በኮምፒዩተር ተፈልጎ የተገኘ ዕይታ አይቆጠርም፤ የመርሐ ግብሩ ዓላማ ሰውየው ሰማይን ራሱ እንዲያውቅ ነውና። የደንቡ መንፈስ ግልጽ ነው። በሌሊት መጋረጃው በተጋረደ ሚኒባስ ተጭኖ ከአንድ ቤት በር ላይ የወረደ ሰው ቤቱን አይቶ ይሆናል፤ ሰፈሩን ግን አያውቀውም። ነገ ብቻውን ተነስቶ ቢሄድ አያገኘውም።

ይህ ክርክር የዋዛ አይደለም። መፈለግ ራሱ ትምህርት ነው። ፈላጊው አንዱን ሲያጣ ሌላውን ያገኛል፤ በመንገድ ላይ ያልታሰበ ጥንድ ኮከብ ያጋጥመዋል፤ ትዕግሥት ይማራል፤ ሰማይ ምን ያህል ሰፊ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ደግሞ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በድካሙ ይለካዋል። ቁልፍ የተጫነ ሰው ይህ ሁሉ ይቀርበታል። ይህን ክዶ መሣሪያውን ማወደስ ሐሰት ይሆናል።

ነገር ግን ድካም የዕይታ ባለቤትነት መለኪያ ነው ወደሚለው መደምደሚያ ከመዝለላችን በፊት ጆን ዶብሰን የተባለውን ሰው እናስታውስ። ዶብሰን እ.ኤ.አ. እስከ 1967 በካሊፎርኒያ በአንድ የቬዳንታ ገዳም የኖረ መነኩሴ ነበር። ከገዳሙ ከወጣ በኋላ በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ «የእግረኛ መንገድ አስትሮኖሚ» የሚባለውን ቡድን ከሌሎች ጋር መሠረተ። ቴሌስኮፖቹን የሚሠራው ከካርቶን ቱቦና ከኮምፐልሳቶ ነበር። ሞተር የላቸውም፤ በእጅ ይገፋሉ፤ በእጅ ይጎተታሉ። በከተማው ማዕዘን ቆሞ አላፊ አግዳሚውን «ና ሳተርንን እይ» እያለ ይጋብዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በ98 ዓመቱ እስኪሞት ድረስም ስሙ ከዚህ ሥራ ጋር አልተለየም።

አሁን ከዚያ መንገድ ዳር የቆመውን እግረኛ እናስብ። ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሄድ የነበረ ሰው ነው። ካርታ አልገለጠም፤ ኮከብ አልቆጠረም፤ አንገቱን እንኳ አላቀናም። ዶብሰን ፈልጎ ያስተካከለለትን ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ አየ። ያየው ነገር የእርሱ አይደለም የሚል ማን አለ? በዚያ ሰው ላይ ያልፈረድን፣ በመሣሪያ በተመራው ላይ የምንፈርደው ለምንድን ነው? መሪው ሰው ሲሆን ልግስና፣ ሞተር ሲሆን ማታለል የምንለው ከሆነ፣ የተቆጣነው በተመሪው አለመድከም ሳይሆን በሌላ ነገር ነው።

በእኛም አገር መጻሕፍት ተመርቶ ማየት ነውር ሆኖ አልተቆጠረም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት አካሄድ በሰፊው የሚናገር ክፍል አለ። ሄኖክ ይህን ሁሉ ብቻውን ተራራ ላይ ቁጭ ብሎ አልደረሰበትም። ያሳየው መልአኩ ኡራኤል ነው። ከሄኖክ የተጠበቀው የታየውን ነገር ልብ ብሎ ማየት፣ መቁጠር፣ መጻፍና ለልጁ ለማቱሳላ ማስተላለፍ ነበር። መሪ ነበረው ብሎ የናቀው አንባቢ የለም። የሚናቀው ኡራኤል እያሳየው እርሱ ወደ ሌላ ሲመለከት ቢገኝ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። «ሳይደከምበት የተገኘ» የምንለው ነገር ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው የደከመበት ነው። በመቆጣጠሪያው መስኮት ላይ «ኤም 1» ብላ የምትመጣው ሁለት ፊደል የማትሞላ ምልክት የአንድ ሰው የሌሊት ሥራ ናት። ሻርል ሜሲየ በ18ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ጅራታም ኮከቦችን የሚያድን ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1758 አንዱን ጅራታም ኮከብ ሲከታተል ሌላ ጭጋግ የመሰለ፣ ነገር ግን ከቦታው ንቅንቅ የማይል ነገር አየ። እንዲህ ያሉት ነገሮች እርሱንም ሌሎችንም እንዳያሳስቱ በዝርዝር ይመዘግባቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1781 ዝርዝሩ 103 ደረሰ፤ ኋላ ሌሎች ጨምረው 110 አደረሱት። ሜሲየ ያሳደዳቸውን ጅራታም ኮከቦች ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ «እነዚህን ተዋቸው» ብሎ የጻፈው ዝርዝር ግን የዓለም ተመልካቾች ሁሉ መንገድ መሪ ሆኖ ቀረ።

ከእርሱ ቀጥሎ ዊልያም ኸርሸልና እህቱ ካሮላይን በእንግሊዝ አገር ሌሊት ሌሊት ሰማይን እየጠረጉ ወደ 2,500 የሚደርሱ የኮከብ ክምችቶችንና ጭጋጎችን መዘገቡ፤ ወንድም ዓይኑን ከሌንሱ ሳያነሳ ይናገራል፣ እህት ትጽፋለች። ድራየር የተባለው ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 የእነርሱንና የሌሎችን ሥራ አሰባስቦ 7,840 አካላት ያሉበትን ካታሎግ አወጣ። ዛሬ በእጅ መዳፍ የምትያዘው መቆጣጠሪያ የእነዚህ ሰዎች ብርድና እንቅልፍ ማጣት የታጨቀባት ቅርስ ናት። እንግዲህ ጥያቄው «ተደክሞበታል ወይስ አልተደከመበትም?» መሆኑ ቀርቶ «ሌላው ለደከመበት ነገር ተቀባዩ ምን ዕዳ አለበት?» ወደሚለው ይዞራል።

በእኔ ግምት ዕዳው ሁለት ነው። አንደኛው ማየት ነው፤ ሁለተኛው በራስ ዓይን የሚታወቅ ጥቂት ነገር መያዝ ነው።

ማየት ቀላል ይመስላል። መሣሪያው አድርሶናል፣ ከእንግዲህ ምን ቀረ? ብዙ ቀርቷል። የሰው ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ይህን ጊዜ ማንም ሞተር አያሳጥረውም። ደብዛዛ ነገር ፊት ለፊት ሲያፈጡበት ይጠፋል፤ ጥቂት ወደ ጎን ሲመለከቱ ግን ብቅ ይላል፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ከዕይታችን መካከል ይልቅ በዳር በዳሩ ይበዛሉና። ይህን ያልለመደ ሰው መሣሪያው በትክክል ካደረሰው ቦታ ቆሞ «ምንም የለም» ይላል። ኸርሸል ከሙዚቀኛነት ወደ ኮከብ ምርምር የመጣ ሰው ስለነበር፣ ማየትም እንደ ሙዚቃ መሣሪያ በልምምድ የሚገኝ ጥበብ መሆኑን አጥብቆ ያምን ነበር። ቴሌስኮፑን የሚያዞር ማሽን ተገኝቷል፤ በሰው ፋንታ ቆሞ የሚደነቅ ማሽን ግን አልተገኘም።

የአንድሮሜዳን ጋላክሲ እንውሰድ። ፎቶግራፉን በመጽሐፍ ያየ ሰው በትንሽ ቴሌስኮፕ ሲያያት ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል፤ ቀለም የሌላት፣ በመስታወት ላይ የቀረ እስትንፋስ የመሰለች ግራጫ ነገር ናት። ተመልካቹ አምስት ሰኮንድ አይቶ «ቀጣይ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ነገር ግን ያ ብርሃን ከዚያ የተነሳው የዛሬ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በአፋር፣ ጎና በተባለው ቦታ የተገኙት ጥንታውያን የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። እንግዲህ ያ ብርሃን መንገድ በጀመረበት ዘመን በእኛው ምድር ድንጋይ በድንጋይ እየመታ ስለት የሚያወጣ እጅ ነበረ። ብርሃኑ ሳያቋርጥ ተጉዞ መጥቶ የሚያርፈው በሌንሱ ላይ በተደቀነው በዚያ ዓይን ውስጥ ነው። ይህን ያህል መንገድ ለመጣ እንግዳ አምስት ሰኮንድ መስጠት ምን ይባላል? ጥፋቱ ግን የመሣሪያው አይደለም። መሣሪያው የፍለጋውን ሃያ ደቂቃ ቆጥቦ ሰጥቷል፤ የተቆጠበውን ጊዜ ለማየት ማዋል ወይም በአንድ ሌሊት ሃምሳ ስም ለመሰረዝ ማዋል የሰውየው ምርጫ ነው።

ጊዜን በሚመለከት ደግሞ ከራስ አልፎ የሌላውም ነገር አለ። ቴሌስኮፕ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር በአንዱ ዙሪያ ሃያ ሠላሳ ሰው ወረፋ ይይዛል። ባለቤቱ «እኔ በራሴ ድካም ካልፈለግሁ» ብሎ ለእያንዳንዱ ነገር ሃያ ደቂቃ ቢያጠፋ፣ ከወረፋው መጨረሻ ያለው ሕፃን እንቅልፍ ወስዶት ይሄዳል። የአንዱ ምግባር በሌላው ጊዜ የሚገዛ ከሆነ ምግባርነቱ ያጠራጥራል። የከተማው መብራትም አለ። ከመብራት ብዛት መንገድ ጠቋሚ የሆኑት ደብዛዛ ኮከቦች በጠፉበት ሰማይ ከኮከብ ወደ ኮከብ መዝለል፣ ድልድዩ በፈረሰበት ወንዝ ላይ እንደ መሻገር ነው። እዚያ ላይ መሣሪያው የስንፍና ምርኩዝ ሳይሆን እውነተኛ ምርኩዝ ነው።

ይህን ሁሉ ለመሣሪያው ከመሰከርን በኋላ ወደ ሁለተኛው ዕዳ እንምጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ይህ 40 ሺህ አድራሻ የያዘ መሣሪያ ማታ ሲከፈት የት እንዳለ የማያውቅ መሆኑ ነው። ቀኑን ይጠይቃል፤ ሰዓቱን ይጠይቃል፤ ቦታውን ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ እንደ ነገሩ ሁሉን እንደሚያውቅ ሊቅ ሳይሆን መንገድ እንደጠፋው እንግዳ፣ ሁለት ኮከብ አሳየኝ ይላል። ሰውየው አንድ የሚያውቀውን ኮከብ በሌንሱ መካከል አድርጎ ስሙን ይነግረዋል፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። አንድ ኮከብ ብቻውን አይበቃም። ወረቀት ግድግዳ ላይ በአንድ ምስማር ቢሰቀል ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ በሁለት ምስማር ሲመታ ግን ይጸናል። ሰማይም ለመሣሪያው የሚጸናለት በሁለት ኮከብ ነው። የቀረውን 40 ሺህ ከእነዚህ ከሁለቱ ተነስቶ ያሰላዋል።

በመቆጣጠሪያው ላይ ለምርጫ የሚቀርቡት የኮከብ ስሞች ብዙዎቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ለእኛ ጆሮም ሩቅ አይደሉም። «ደነብ» የሚባለው ኮከብ የወፏ ጅራት ማለት ነው፤ ግዕዙም ጅራትን ዘነብ ይላል። «ራስ አልሐግ» በሚለው ውስጥ ያለውን ራስ ደግሞ የሚያስተረጉም የለም። ከአሜሪካ ዘመድ ባመጣው መሣሪያ ላይ የራሳችን ቋንቋ ዘመዶች ተቀምጠው ይጠብቁናል።

የሚያሳስበው ግን ይኸውላችሁ። መሣሪያው የሚያስበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መሣሪያውን ከፍቶ፣ እንደ ልማዱ 3 ቢያስገባ፣ መሣሪያው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ ያምናል። የስድስት ሰዓት ስህተት ደግሞ በሰማይ ላይ 90 ዲግሪ ነው፤ የሰማይ ሩብ ማለት ነው። ወሩን ከቀኑ አስቀድሞ የሚጽፈው የአሜሪካኖች ልማድም አለ፤ በዓመተ ምሕረት ያስገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በዚህ ጊዜ መሣሪያው አይደናገርም፣ አይጠራጠርም፣ ድምፁም አይለወጥም። በዚያው በለመደው ጉርምርምታ ዞሮ በባዶ ሰማይ ላይ ይቆምና «ሲሪየስ ይኸውልህ» ይላል። በክረምትም ቢሆን ደመናውን አያይም፤ ከደመናው በስተጀርባ ያለውን የኮከብ ስም በኩራት ይጽፋል። ማየት አይችልምና፤ የሚያውቀው ስሌት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ይለያያሉ። ሲሪየስን የሚያውቀው ሰው ቀና ብሎ አይቶ «ይህማ አይደለም፣ አንድ ነገር ተሳስቷል» ይላል፤ ሰዓቱን ያርማል፤ ሌሊቱ ይተርፍለታል። ሲሪየስን የማያውቀው ሰው ግን በአቅራቢያው ያገኘውን አንድ ብሩህ ኮከብ ወደ መካከል ስቦ «ይህ መሆን አለበት» ብሎ ቁልፉን ይጫናል። መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ የሁለቱ ኮከቦች ርቀት አልገጥም ሲለው እምቢ ይላል፤ ርቀቱ ከተቀራረበለት ግን ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የሚሆነው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ባዶውን ሰማይ እያየ፣ ምናልባት ዓይኔ ይሆናል፣ ምናልባት ሌንሱ ይሆናል፣ ምናልባት ይህ የሰማይ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም እያለ ራሱን ሲወቅስ ያነጋል። ይህ ሰው የጎደለው ድካም አይደለም፤ ከሌላው ይልቅ ደክሟል። የጎደለው ሁለት ኮከብ ነው።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። መመራት አያዋርድም። ሁላችንም በመምህር፣ በመጽሐፍ፣ በሽማግሌ፣ በካርታ ተመርተን ነው የኖርነው፤ ሁሉን በራሴ ካልደረስኩበት የሚል ሰው ዕድሜው ከፊደል ገበታ አያሳልፈውም። ነገር ግን ጨርሶ ምንም ሳያውቁ መመራት አደገኛ ነው። ምንም የማያውቅ ተመሪ መሪው ሲሳሳት አያውቅም፤ ከዚያም የባሰው፣ መሪው ትክክል ሲሆንም አያውቅም። ለእርሱ እውነትና ስህተት በአንድ ድምፅ ነው የሚነገሩት። እምነቱ እምነት መሆኑ ቀርቶ ሌላ መንገድ የሌለው ሰው መሸነፍ ነው። ሁለት ኮከብ የሚያውቅ ሰው ግን መሪውን የሚያምነው መርምሮ ነው፤ ስለዚህም ምስጋናውም ነቀፌታውም ዋጋ አለው።

«ይህማ የድሮ መሣሪያ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ዛሬ የራሳቸው ካሜራ ያላቸው፣ ሰማይን ፎቶ አንስተው የኮከቦቹን አቀማመጥ ለይተው ያሉበትን ራሳቸው የሚያውቁ ቴሌስኮፖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውና ሲስታር የሚባለው ትንሽ ቴሌስኮፕ ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ እንኳ የለውም፤ ፈልጎ፣ አነጣጥሮ፣ ብርሃኑን አጠራቅሞ ሥዕሉን ወደ ሞባይል ስልክ ይልካል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ሁለት ኮከብ አሳየኝ አይልም። ባለቤቱ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲያዝዘው ይችላል፤ ሥዕሉም በትንሽ ቴሌስኮፕ በዓይን ከሚታየው እጅግ ያምራል። በከተማ መብራት ለተከበበና ዓይኑ ለደከመ ሰው ትልቅ ጸጋ ነው።

ነገር ግን ልብ እንበል። የቀድሞው መቆጣጠሪያ ከነጉድለቱ ለባለቤቱ አንድ መልካም ነገር ያደርግለት ነበር፦ በየምሽቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቀና ብሎ ሰማይን እንዲያይና ሁለት ስም እንዲጠራ ያስገድደው ነበር። አዲሱ መሣሪያ ያንን ግዴታ አነሳለት። እንግዲህ ሁለት ኮከብ ማወቅ የመሣሪያው ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የሰውየው የራሱ ጥያቄ ሆኗል። ማንም ሳያስገድደው የሚፈጽመው ግዴታ ደግሞ እውነተኛው ግዴታ ነው። መሪዎቻችን እያወቁ በሄዱ ቁጥር የእኛ ዕውቀት አላስፈላጊ የሚሆን ይመስለናል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መሪው ጠያቂነቱን ሲያቆም፣ ያኔ ነው ተመሪው ጠያቂ መሆን የሚገባው።

ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ግዴታ ከባድ ሸክም አይደለም። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ከሞላ ጎደል ታያለች። በግንቦት ደመና ባልሸፈነው ምሽት ታላቁ ድብና የደቡብ መስቀል በአንድ ሰማይ ላይ ይቆማሉ፤ ይህ ለለንደንም ሆነ ለኒው ዮርክ ሰው አልተሰጠም። በየካቲት ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ደቡብ መልሶ የቆመ ሰው፣ ከፍ ብሎ ሲሪየስን፣ ከእርሱ ሥር ዝቅ ብሎ ካኖፐስን ያያል። በሌሊት ሰማይ ላይ ከሚታዩት ኮከቦች ሁሉ በብሩህነት አንደኛውና ሁለተኛው እነዚህ ናቸው፤ ሁለተኛው ከአብዛኛው አውሮፓ ከቶ አይታይም። የመንገድ መብራት አይሰውራቸውም፤ ካርታ አይጠይቁም፤ ቴሌስኮፕ ላለውም ለሌለውም እኩል ያበራሉ። አንድ ምሽት አውቋቸው የገባ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም ይምራው ማን፣ ሲመሩት እንኳ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ይሆናል።